ፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮምፍ፦ እንዴት ተወለደ? ለምንስ ከሁሉ በላይ ሆነ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዶሃ ነው። በየዓመቱ መስከረም ሊያልቅ ሲል ፓሪስ ላይ የሚካሄድ የፈረስ ውድድር በቴሌቪዥን አያለሁ፤ የኳታር ስም ከፊቱ ተለጥፎበታል። አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ላይ ትልቁ ነው ይላሉ። የሳዑዲው ግን በገንዘብ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል አሉ። የፈረንሳይ ነው ይባላል፤ ያሸነፈው ፈረስ ግን ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ሆኖ አየዋለሁ። ታሪኩ ምንድን ነው? ትልቅነቱስ ከምን የመጣ ነው? ኳታር ገዝታው ነው?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነውና። ኳታር ውድድሩን አልገዛችም። ፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮምፍን፣ በተለምዶ አጠራሩ አርክን፣ የሚያዘጋጀው የፈረንሳይን የፈረስ ውድድር የሚያስተዳድረው ፍራንስ ጋሎ የተባለው ድርጅት ነው። የኳታሩ የፈረስ ስፖርት ክለብ ከ2008 ጀምሮ ዋና ደጋፊ ስለሆነ ስሙ ከፊት ይጻፋል። በዚያው ዓመት ሽልማቱ 4 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ፤ በ2014 ደግሞ 5 ሚሊዮን ሆነ። እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያስታውሱልኝ።

የሳዑዲ ዋንጫ 20 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። በገንዘብ ብቻ ከተለካ አርክ ተወዳዳሪ አይደለም። እኔ ሙያዬ የፈረስ እርባታ ነው፤ መልሴም ከዚያ ወገን ነው። አርክን ከሌሎች የሚለየው አሸናፊው ከሜዳ ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው፤ ይኸውም የሚወለዱት ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ከዚያም ወዲያ ያሉት ናቸው። ውድድሩ ሲመሠረትም የታሰበው ለዚሁ ነበር።

አርክ የሚካሄድበት የሎንሻን ሜዳ በዕድሜ ከውድድሩ ይቀድማል። በምዕራብ ፓሪስ፣ በቡዋ ደ ቡሎኝ ደን ውስጥ፣ ከሴን ወንዝ ዳር ነው የሚገኘው። በሚያዝያ 1857 ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊና እቴጌ ኡጄኒ በመርከባቸው ወንዙን ይዘው መጥተው ግልቢያውን ተመልክተዋል። ሜዳውን የሚያስተዳድረው በ1833 የተቋቋመ ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ሙሉ ስም ራሱ በፈረንሳይ የፈረስ ዝርያ እንዲሻሻል ማበረታታት የሚል ዓላማ የያዘ ነው። ለተመልካች መዝናኛ ማቅረብ ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

በዚያ ዘመን ለግልቢያ ውድድር በተረባው በቶሮብሬድ የፈረስ ዝርያ ጌቶቹ እንግሊዞች ነበሩ። ዝርያውን የፈጠሩት እነሱ ናቸው፤ ከምሥራቅ ያመጧቸውን ድንጉላዎች ከአገራቸው ባዝራዎች ጋር እያዳቀሉ። ፈረንሳዮች በ1863 ግራን ፕሪ ደ ፓሪ የተባለውን ታላቅ ውድድር ለውጭ ፈረሶች ክፍት አድርገው ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ድል የወሰደው የእንግሊዝ ፈረስ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ግላዲያቴር የተባለ የፈረንሳይ ልጅ የእንግሊዝን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ግራን ፕሪውንም ጨመረበት። ሕዝቡ ቀዳማዊ ናፖሊዮን በእንግሊዞችና በአጋሮቻቸው የተሸነፈበትን ጦርነት አስታውሶ «የዋተርሉ ተበቃይ» ብሎ ጠራው። ሐውልቱ ዛሬም በሎንሻን ቆሟል።

ይህ ታሪክ ለጥያቄዎ ቁልፍ ነው። ፈረንሳዮች ሚዛናቸው ያደረጉት ከውጭ የሚመጣውን ፈረስ ነው። በራቸውን ዘግተው እርስ በርሳቸው ቢወዳደሩ የፈረሶቻቸውን ትክክለኛ አቅም ማወቅ እንደማይችሉ ገብቷቸዋል።

የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር። ግራን ፕሪው የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ የሚገናኙበት የበጋ ውድድር ነው። ከ1893 ጀምሮ በጥቅምት የሚካሄድ ሌላ ትልቅ ውድድር ቢኖርም ቀድሞ ብዙ ያሸነፈ ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ይጫንበት ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ ለውርርድ ያመቻል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ማን እንደሆነ ግን አያሳይም። ስለዚህ የዓመቱ ወጣትና የበሰለው ፈረስ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ዕድሜና ጾታን ብቻ ባገናዘበ ክብደት የሚፋለሙበት 2400 ሜትር ግልቢያ ታሰበ። በመሐሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሜዳው ተዘጋ።

ጦርነቱ አብቅቶ ሐምሌ 14 ቀን 1919 የድሉ ሠራዊት በፓሪሱ የድል ቅስት ሥር ሰልፍ አለፈ። አዲሱ ውድድርም የቅስቱን ስም ይዞ ጥቅምት 3 ቀን 1920 ተጀመረ። የመጀመሪያው አሸናፊ ኮምሬድ ይባላል። ባለቤቱ ፈረንሳዊው ኤቭሬሞን ደ ሴንታላሪ፣ አሠልጣኙ እንግሊዝ አገር የሚኖረው ፒተር ጊልፒን፣ ጋላቢው ደግሞ አውስትራሊያዊው ፍራንክ ቡሎክ ነበሩ። ይህ ፈረስ ገና በአንድ ዓመቱ ሲሸጥ ዋጋው 25 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ብቻ ነበር። የድል መታሰቢያ በሆነው በዚያ ቀን ገንዘቡን የፈረንሳይ ሰው ወሰደ፤ ሥልጠናው የእንግሊዝ፣ ግልቢያው የአውስትራሊያ ሆነ። እንግዳ ያሸንፋል ብለው ሲጠይቁ ይህን ልብ ይበሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው። በድምሩ ሲታይ ግን እስከ ዛሬ ብዙውን ድል የያዙት ፈረንሳይ ውስጥ የሠለጠኑ ፈረሶች ናቸው።

ደንቡን ጥቂት ላብራራ። በአሁኑ ሥርዓት የሦስት ዓመት ፈረስ 56.5 ኪሎ፣ አራትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለው 59.5 ኪሎ ይሸከማል፤ ለሴቶች 1.5 ኪሎ ይቀነሳል። ጋላቢው ከኮርቻው ጋር ይመዘናል፣ ከጎደለ እርሳስ ይጨመርበታል። የሦስት ኪሎው ልዩነት በመከር ገና አካሉ ያልጠነከረውን ወጣት ከጎልማሳው ለማስተካከል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ግን የተኮላሸ ፈረስን የሚመለከተው ነበር፤ ውድድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ እንዲህ ያለ ፈረስ ተሰልፎበት አያውቅም። የተኮላሸ ፈረስ ምንም ቢፈጥን ልጅ አይወልድም፤ ልጅ የማይወልድ ደግሞ የዝርያ ፈተና ላይ ቦታ የለውም የሚል አስተሳሰብ ነበር።

ሜዳውም ራሱ ፈታኝ ነው። ግልቢያው ወደ ቀኝ ይዞራል። መነሻው ከአሮጌው የነፋስ ወፍጮ አጠገብ ሲሆን መጀመሪያ መሬቱ ደልዳላ ነው፤ ከዚያ አሥር ሜትር ያህል የሚያስወጣ ዳገት ይመጣል፤ ከዳገቱ ጫፍ እየዞሩ ቁልቁል ይወርዳሉ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቀጥ ያለ መንገድ ይታያል። ልምድ የሌለው ጋላቢ መጨረሻው የደረሰ መስሎት ዛቡን ይለቃል፤ ፈረሱም ሽምጥ ይጋልባል። ግን ያ የማታለያው ቀጥታ ነው። ሌላ መታጠፊያ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ገና 533 ሜትር የሆነው እውነተኛው ቀጥታ ይመጣል። እዚያ ቦታ ላይ ቸኩሎ ፈረሱን የጨረሰ ጋላቢ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በአንጻሩ ፈረሱን አረጋግቶ የሚጠብቀው የመጨረሻዎቹን ሁለት መቶ ሜትሮች እንደ ሰይፍ ይቆርጣቸዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት አርክ ከግራን ፕሪው ጥላ ሥር ነበር። ክብሩ የጨመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ ከ1949 ጀምሮ የብሔራዊ ሎተሪው ገንዘብ ሽልማቱን ብዙ እጥፍ ሲያሳድገው ነው። የጦርነቱን ዓመታት ግን ዘልዬ ማለፍ አልወድም። በ1939 እና በ1940 ውድድሩ አልተካሄደም። ከዚያ ፓሪስ በጀርመን እጅ ሆና ቀጠለ። በሚያዝያ 4 ቀን 1943፣ ሎንሻን ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ፣ በአቅራቢያው ያለውን የሬኖ ፋብሪካ ለመምታት የመጡ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከጣሉት ቦምብ ከፊሉ ሜዳው ላይ ወድቆ ሰው ገደለ። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው አርክ ከፓሪስ ምሥራቅ ወዳለው ትራምብሌ ሜዳ ተዛወረ።

በፈረሶቹ ላይ የደረሰውም ልብ ይነካል። ኮሪዳ በ1936 እና በ1937 ደጋግማ ያሸነፈች ባዝራ ነበረች፤ የጨርቃ ጨርቅ ባለጸጋው የማርሴል ቡሳክ ንብረት። በ1944 በጋ በኖርማንዲ ጦርነቱ በእርባታው ጣቢያ አካባቢ ሲፋፋም ጠፋች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። የተረፋት አንድ ልጅ ኮአራዝ ነበር፤ እሱም በ1945 የፈረንሳይን ደርቢ፣ የሦስት ዓመት ፈረሶችን ታላቅ ውድድር፣ አሸነፈ። ፋሪስ የተባለውን የቡሳክ ድንቅ ድንጉላ ደግሞ ጀርመኖች በ1940 ወስደውት እስከ ጦርነቱ ማብቂያ እዚያው ቆየ። ከመወሰዱ በፊት ያስረገዘው ጽንስ አርዳን ተባለ፤ አርዳን በ1944 አርክን አሸነፈ፤ አባቱ ያን ጊዜ በጠላት አገር ምርኮኛ ነበር።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ሰዉ። በአርክ ታሪክ ውስጥ ይህ በተጨባጭ ይታያል። በ1921 እና በ1922 ያሸነፈው ክሳር ቱርቢዮንን ወለደ፤ ቱርቢዮን ጄቤልን ወለደ፤ ጄቤል በ1942 አርክን አሸነፈ፤ የጄቤል ልጅ ኮሮኔሽን በ1949 አሸነፈች። የኮሮኔሽን እናትም የቱርቢዮን ልጅ ናት፤ ይኸውም ቱርቢዮን በአባቷም በእናቷም በኩል አያቷ ነው። ቡሳክ ደምን እንዲህ አጥብቆ ያቀራርብ ነበር። ፍጥነቱን አገኘ። ግን ኮሮኔሽን ለብዙ ዓመታት ከድንጉላ ጋር ብትገናኝም አንድ ውርንጭላ እንኳ ሳትወልድ ቀረች። ለእኛ ለአርቢዎች ይህ ታሪክ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለጀማሪ አርቢ ሁልጊዜ ቀድሜ የምነግረው እሱን ነው።

ከጣሊያን የመጣው ሪቦ ሌላ መንገድ አሳየ። ያረባው ፌዴሪኮ ቴሲዮ በ1954 ሪቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሮጡ ጥቂት ወራት ቀድሞ ሞተ። ፈረሱ 16 ጊዜ ተወዳድሮ 16 ጊዜ አሸነፈ፤ ከእነዚህ ሁለቱ የ1955 እና የ1956 አርኮች ናቸው። ከዚያ ልጆቹ ሞልቬዶ በ1961፣ ፕሪንስ ሮያል በ1964 አሸነፉ። ሌላው ልጁ ቶም ሮልፍ በአሜሪካ ዝነኛ ሆኖ በ1965 አርክ ላይ ስድስተኛ ወጣ፤ የቶም ሮልፍ የልጅ ልጅ አሌጅድ ግን በ1977 እና በ1978 እንደ ቅድመ አያቱ ሁለት ጊዜ አሸነፈ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ደም ጣሊያንን፣ አሜሪካንና አየርላንድን ዞሮ ወደ ሎንሻን ተመለሰ ማለት ነው።

1965ን ከጠቀስኩ ስለ ሲበርድ ሳልናገር አላልፍም። ግንባረ ቦራ ዳማ ፈረስ ነበር፤ የኋላ እግሮቹ ነጭ ካልሲ ያደረጉ ይመስላሉ። በዚያ ቀን ሃያ ፈረሶች ተሰለፉ፤ ከእነሱም መካከል የአየርላንድ ደርቢ አሸናፊ ሜዶው ኮርት፣ ከአሜሪካ ቶም ሮልፍ፣ ከሶቪየት ኅብረት አኒሊን፣ ከፈረንሳይም እስከዚያ ቀን ተሸንፎ የማያውቀው ሪላያንስ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጉባኤ ከዚያ በፊት በአንድ ሜዳ አልታየም። ጋላቢው ፓት ግሌነን ወደ መጨረሻው ቀጥታ ሲገባ ሲበርድ ገና አልተነካም። ሪላያንስ ለጥቂት ጊዜ ተከተለው፤ ከዚያ ሲበርድ ተፈትልኮ ሄደ። ወደ መድረሻው ሲቃረብ ወደ ግራ እየተንሸራተተ ሁሉ በስድስት ፈረስ ርዝመት አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ታላላቅ ፈረሶች ክርክር ሲነሳ መለኪያው ያ ቀን ነው፤ እኔም የዚያ ወገን ነኝ።

የሲበርድ ልጅ አሌ ፍራንስ በ1974 ተራዋ ደረሰ። ጋላቢዋ ኢቭ ሴን-ማርቴን ከጥቂት ቀናት በፊት ወድቆ ጭኑ ተጎድቶ ነበር። ሐኪም ሕመም ማስታገሻ ወግቶት ኮርቻ ላይ ወጣ። እግሩ አላዘዝ ስላለው ፈረሲቱን እንደ ወትሮው መያዝ አልቻለምና ገና ከመታጠፊያው አምልጣ ፊት ወጣች። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ኮምቴስ ደ ሉዋር ከኋላ እየበላቻት መጣች። አሌ ፍራንስ በራስ ርዝመት ብቻ አሸነፈች። በአባቷ ስድስት ርዝመትና በእሷ በአንድ ራስ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም አሸናፊ ናቸው።

በአገራችን ፈረስ ለጌታው ስም ይሰጣል፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እንደሚባለው። በአርክም ዓለም የሚያስታውሰው ፈረሱን ነው። የባለቤቶቹን ስም ከባለሙያ በቀር የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ከአሠልጣኞች ስምንት ጊዜ ያሸነፈው አንድሬ ፋብር፣ ከጋላቢዎች ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ፍራንኪ ዴቶሪ ብቻ በሰፊው ይነሳሉ። ክሪኬት ሄድንም መጨመር ይገባል። በ1979 ትሪ ትሮይካስን አሠልጥና አርክን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በፈረሲቱ ላይ የነበረው ወንድሟ፣ ባለቤቷም እናታቸው ነበሩ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ ክሪኬት ሄድ በትሬቭ ተመለሰች። ትሬቭ የቤተሰቡ እርባታ ልጅ ናት። በአንድ ዓመቷ ለጨረታ ቀርባ የሚፈልጋት ስለጠፋ ባለቤቶቿ ራሳቸው በ22,000 ዩሮ መልሰው አስቀሯት። በ2013 ዝናዋ ሲወጣ የኳታሩ ሼኽ ጆአን አል ሳኒ ገዟት። በዚያው ዓመት በአምስት ርዝመት አሸነፈች፤ በ2014 ደግሞ ብዙ ሰው አበቃላት ሲል ደገመችው። ኳታር ከአርክ ጋር ያላት ትስስር ስፖንሰርነት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉም ግን ዛሬ የምናየውን አርክ ቅርጽ የሰጠችው ኧርበን ሲ ናት። በ1993 ስታሸንፍ ውርርድ ያስያዘባት ሰው ጥቂት ነበር፤ ጋላቢዋም የኢቭ ሴን-ማርቴን ልጅ ኤሪክ ነው። ከሜዳ ወጥታ እናት ስትሆን ጋሊሊዮን ወለደች፤ እሱ የዘመኑ ታላቅ አባት ፈረስ ሆነ። ሌላው ልጇ ሲ ዘ ስታርስ በ2009 ራሱ አርክን አሸነፈ። ከዚያ ይቁጠሩ፦ የ2016ዋ ፋውንድ የጋሊሊዮ ልጅ ናት፤ በ2017 እና በ2018 ያሸነፈችው ኢኔብል የልጁ ልጅ ናት፤ በ2019 ኢኔብልን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳታሸንፍ ያገዳት ዋልድጋይስት የጋሊሊዮ ልጅ ነው፤ የ2022ዋ አልፒኒስታ የልጁ ልጅ ናት፤ የ2023ቱ ኤስ ኢምፓክትም ከዚያው ግንድ ነው። በ2025 ሚኒ ሆክን በራስ ርዝመት የቀደመው ዳሪዝ ደግሞ የሲ ዘ ስታርስ ልጅ ነው። አንዲት ባዝራ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባሸነፈችው ግልቢያ ምክንያት ለተሻለ ድንጉላ ተመረጠች፤ ውጤቱ ይህ ነው። በ20 ሚሊዮን ዶላር የሚገዛ ነገር አይደለም።

በ2016 እና በ2017 ሎንሻን ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ አርክ ወደ ሻንቲዪ ሄዶ ነበር። በ2018 የተመረቀው አዲሱ መቀመጫ የአርክቴክት ዶሚኒክ ፔሮ ሥራ ነው። ብዙ የተባለለት ቢሆንም ሣሩና ዳገቱ ያው ነው።

ስለ ጃፓኖች ካልነገርኩዎ መልሴ ጎዶሎ ይሆናል። ጃፓኖች የአርክ አሸናፊዎችን ገዝተው አገራቸው ወስደው አርብተዋል፤ የ1986ቱን ዳንሲንግ ብሬቭንና የ1988ቱን ቶኒ ቢንን ጨምሮ። ራሱን ውድድሩን ግን እስከ 2025 ድረስ አላሸነፉም። በ1999 ኤል ኮንዶር ፓሳ ከመነሻው ጀምሮ መርቶ ሞንጁ መጨረሻ ላይ ቀደመው። በ2006 ዲፕ ኢምፓክትን ለመደገፍ በሺህ የሚቆጠር ጃፓናዊ ፓሪስ ገባ፤ ሦስተኛ ወጥቶ በኋላ በምርመራ የተከለከለ መድኃኒት ስለተገኘበት ውጤቱ ተሰረዘ። በ2010 ናካያማ ፌስታ በራስ ርዝመት ተቀደመ። የ2012ቱ ግን ከሁሉ ያማል። ኦርፌቭር ከኋላ ተነስቶ በሜዳው ውጭ በኩል ሁሉንም አልፎ ብቻውን ወጣ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው አጥር እየተጠጋ እርምጃው ላላ። የተረሳችው ሶሌሚያ በጭቃው ውስጥ አንድ አንድ እርምጃ እየቀነሰች መጥታ መድረሻው ላይ በአንገት ቀደመችው።

ምክንያቱን ሲጠይቁኝ መሬቱን እጠቅሳለሁ። የጃፓን ሜዳ ደረቅና ፈጣን ነው፤ የጃፓን ፈረስም ለዚያ ተመርጦ የረባ ነው። የፓሪስ መከር ዝናብ ያበዛል፤ ሣሩ ረጅም፣ አፈሩ ከባድ ነው፤ ከዳገቱ በኋላ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ በሥልጠና ብቻ የሚሞላ ጉድለት አይደለም፤ ለዚያ መሬት የሚሆን ደም ያስፈልጋል። በጃፓን እርባታ አሁን የአውሮፓ ባዝራዎች በብዛት ገብተዋል፤ ስለዚህ ድሉ የጊዜ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።